የጋሽ ሙላቱ ጆንያ

ጋሽ ሙላቱ አፉ የታሰረ ጆንያ የመኪናዬ ትራንክ ውስጥ ሲጭኑ በመጀመሪያው ቀን አልጠየቅኋቸውም። በሁለተኛው ቀን ግን መኪናዋ ወደኋላ ዝቅ ስትል ተሰማኝና ‹‹ምንድን ነው እሱ?›› አልኳቸው።

‹‹ምንም አይደል፣ ልጄ።››

ነገሩን ሁሉ ያመጣው ይሄ ‹‹ምንም›› ነው።

ያን ጊዜ፣ እ.ኤ.አ. በ2012፣ ሁለታችንም ስካይላይን በሚባል ሰፈር አንድ ሕንፃ ላይ እንኖር ነበር። ከውድብሪጅ ወዲያ ባለ ትንሽ የእንስሳት ፓርክ እኔ ትኬት እቆርጣለሁ፣ እሳቸው የሜዳ አህዮቹን ግቢ ይጠርጋሉ። ደብረ ዘይት ሃያ ሁለት ዓመት ጋሪ የነዱ ሰው ናቸው። የሚያሳስባቸው የባለቤታቸው የወይዘሮ ውቢት ከአገር ቤት የመምጫ ፕሮሰስ ብቻ ነበር፤ ሥራቸው ከተቋረጠ እሱም ይቆማል።

የሜዳ አህዮቹ ሦስት ናቸው። ትልቋ ዴዚ ቀኑን ሙሉ አጥሩን ተከትላ ወዲህ ወዲያ ስትል መሬቱን ቦይ አስመስላዋለች። የአጥሩን እንጨትም ትግጣለች። ማናጀራችን ሊንዳ ኳስ ገዛችላት፣ ድርቆሽ በመረብ ሰቀለችላት። ዴዚ ጆሮዋን ቀስራ ከሩቅ አየችና ተመለሰች። አዲስ ነገር አታምንም።

እኔም ጆንያውን አላመንኩትም። ሞልቶ ይሄዳል፣ ባዶውን ይመለሳል። ከፓርኩ የሚወጣ ነገር ቢሆን ሰረቁ እል ነበር፤ የሚገባ ነገር መሆኑ ነው የጨነቀኝ። እንስሳቱ አንድ ነገር ቢሆኑ ያመላለሰችው መኪና የኔ ናት።

ሐሙስ ዕለት ሊንዳ ኦፊሷ ጠርታ ላፕቶፕ ላይ የካሜራውን ቪዲዮ አሳየችኝ። ጋሽ ሙላቱ ግቢው ጥግ ላይ ጆንያውን እየደፉ ዞር ዞር ብለው ያያሉ።

‹‹ምን እንደሆነ ስጠይቀው ምንም ነው የሚለኝ። ነገ ጠዋት ከእንስሳት ሐኪሙ ጋር እናነጋግረዋለን፣ አንቺ ትተረጉሚያለሽ። ካልተናገረ ይሰናበታል›› አለችኝ።

ማታ ልጄን ከዴይኬር ልንወስድ ሴቨን ኮርነርስ የትራፊክ መብራት ላይ ስንቆም ሁሉንም ለጋሽ ሙላቱ ነገርኳቸው። 

‹‹አፈር ነው።››

‹‹የምን አፈር?››

‹‹ደረቅ አፈር። ጓደኛዬ ደሳለኝ ከሚሠራበት ኮንስትራክሽን ነው የማመጣው። ፈረስ ከጋሪ ሲፈታ መጀመሪያ የሚፈልገው መኖ ይመስልሻል? መንከባለል ነው። እነዚህን ጠጠር አንጥፈውባቸዋል። አንቺ ጠጠር ላይ ትተኛለሽ?››

‹‹ታዲያ ለምን አይናገሩም?››

‹‹ጠራጊ ሆኜ ስለ እንስሳ ላስተምራቸው? ደግሞ ብጠይቅ እንቢ ይሉኛል።››

‹‹አሁንስ እሺ አሉዎት?››

ሳቁ። እኔ አልሳቅሁም፤ እውነታቸውን ይሁን አይሁን በምን አውቃለሁ?

በማግሥቱ በር ሳይከፈት አጥሩ ጋ ቆመን ያሉትን ተረጎምኩ። ሐኪሙ ‹‹የውጭ አፈር በሽታ ይዞ ሊመጣ ይችላል›› አለ። ይህን ጋሽ ሙላቱ አላሰቡትም ነበር፤ አንገታቸውን ደፉ። ሊንዳ ደግሞ ‹‹ዴዚ አምስት ቀን ሙሉ አፈሩን አልነካችውም እኮ›› አለች።

‹‹ሰው ሳይለያት እንዴት ትተኛ?›› አሉ። ‹‹ራቅ በሏት።››

ፓርኪንጉ ድረስ ራቅን። ዴዚ አፈሩን አሸተተች፣ በኮቴዋ ጫረች፣ ደንግጣ ሸሸች፣ ዞራ መጣች። ትንሿ ወደ እኛ ዞራ እንደ ዘበኛ ቆመች። ከሃያ ደቂቃ በኋላ ዴዚ በጉልበቷ ተንበረከከችና አራት እግሯን ሰማይ ላይ ሰቅላ ተንከባለለች። አቧራው አጥሩን አልፎ ወጣ። ሐኪሙ ስልኩን አውጥቶ ቀረጻት።

አፈሩ ተመረመረ፤ ንጹሕ ነበር። ቢሆንም ጋሽ ሙላቱ የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ፈረሙ፣ ካሜራውም ወደዚያው ጥግ እንደዞረ ቀረ። በወሩ ፓርኩ ራሱ አንድ መኪና አሸዋ አስመጣ። ዴዚ ከዚያም በኋላ አመሻሽ ላይ ቦይዋን ትመላለስ ነበር፣ ግን ከበፊቱ ያነሰ። ለወይዘሮ ውቢት ፕሮሰስ የሚያስፈልገውን የሥራ ደብዳቤ ሊንዳ ጻፈች። ስትሰጣቸውም ‹‹ሌላስ ምን ያውቃል?›› ብላ ጠየቀችኝ።

‹‹ምንም›› አሉ ጋሽ ሙላቱ።

‹‹ብዙ ያውቃሉ›› ብዬ ተረጎምኩ።

አንድ ሰኞ ደግሞ ሌላ ጆንያ ይዘው መጡ። ‹‹ምንም አይደል›› አሉኝ። እኔም ፓርኪንጉ ላይ ፈትቼ አየሁት፤ ያረጁ የመጥረጊያ ብሩሾች ናቸው። ግንድ ላይ በምስማር ሲመቱ እንስሳቱ ይታከኩባቸዋል አሉ።

‹‹መጀመሪያ ሊንዳ ጋ›› አልኳቸውና ጆንያውን ራሴ ተሸክሜ ኦፊሷ አስገባሁት።