«ዱዋ» እና ዱዓ

ዛሬ ሳቢያን ሰፈር ባጃጅ ውስጥ አጠገቤ የተቀመጡት ሽማግሌ፣ በደርግ ጊዜ የዘፈን ቡድናችንን ያፈረሱት የቀበሌያችን ሊቀመንበር ሆነው አረፉት።

ያኔ አራት ጎረምሶች ነበርን። ጊታር ስላልነበረን አንዱ ሲዘፍን ሦስታችን በአፋችን «ዱዋ፣ ዱዋ» እያልን እናጅበው ነበር።

የቀበሌው የኪነት ዝግጅት ላይ ገና አንድ ዘፈን ሳንጨርስ ሰውዬው ተነሱና «በአብዮቱ መድረክ ዱዓ አይደረግም» ብለው አስወረዱን። አቦ ጸሎት አይደለም፣ ማጀቢያ ነው ብንል ማን ሰምቶን። የቡድናችን ዕድሜ ግማሽ ዘፈን ሆኖ ቀረ።

ዛሬ ትክ ብለው አዩኝና «አንተ የዱዓው ልጅ አይደለህም እንዴ? ጉልበቴን አሞኛል፣ እስቲ ያቺን ዱዓ አድርግልኝ» አይሉኝም?

እንደገና ማስረዳት ታከተኝ። መውረጃዬ እስኪደርስ «ዱዋ፣ ዱዋ» አልኩላቸው። እሳቸውም በየመሃሉ «አሚን» ይላሉ፣ ምቱን ሳይስቱ።

ያኔ እንዲህ ቢያጅቡን ምን ነበረበት? እናንተንስ ከመድረክ ያወረዳችሁ ማነው?