ከሆቴሉ የመጣው ማሞቂያ

ሰፈርተኛው «ኢንጂነሩ» ይለዋል እንጂ ሰውዬው የአውቶቡስ መካኒክ ነበር። ስሙን ያወጡለት ቤቱን በገዛ እጁ መሥራት የጀመረ ሰሞን ነው፤ መጀመሪያ ለቀልድ፣ ግድግዳው ቀጥ ብሎ ሲቆም ደግሞ ከልባቸው። ከጋራዥ ሲወጣ ቱታውን እንኳ ሳያወልቅ ወደ መሬቱ ይሮጥና ለዓይን ያዝ እስኪያደርግ ብሎኬት ሲደረድር ያመሻል። እሑድ እሑድ ሚስቱ መጥታ አሸዋ ታቀብለዋለች።

ሚስቱ የሆስፒታል ልብስ አጣቢ ነበረች። ማሽን ያላስለቀቀውን እድፍ በቀዝቃዛ ውሃ በእጇ ታሸዋለች። ነገር በሆዷ የምትይዝ ሴት ናት፤ ይህን ስጠኝ፣ ያን ግዛልኝ አታውቅም። መሠረቱ ወጥቶ ግድግዳው ጉልበት ሲደርስ ግን አካፋዋን ተደግፋ፣

«እኔ የምልህ» አለችው፤ «ሌላውን እንደፈለግህ አድርገው። ወጥ ቤቱን ብቻ ፀሐይ በሚወጣበት በኩል አድርግልኝ። ቧንቧው ሙቅ ውሃ ይኑረው። ሌላ ምንም አልልህም።»

«ለዚህ ነው እንዲህ የምትለማመጪኝ? ንግሥት ነው የማደርግሽ!»

«ንግሥትነቱ ይቅርብኝ፤ እጄ ይሙቅልኝ።»

ሁለቱም ሳቁ። እሱ እንደ ቀልድ ነበር የሰማት።

አገሩ ብርዳም ነው። የብርዱ ወራት ሲገባ ግድግዳው ራሱ የሚያንቀጠቅጠው ይመስላል። የሚስቱ ታናሽ ወንድም ቧንቧ ሠራተኛ ስለሆነ የብርድን ነገር ከብዙ ቤት አይቶታል። ጣሪያው ሊመታ ሲል መጣና ዞር ዞር ብሎ አየ።

«ጋሼ፣ የቀረችህን ገንዘብ እዚህ ላይ አውላት» አለ ወደ ላይ እያመለከተ። «ሙቀት እንደ ጢስ ነው፣ ወደ ላይ ነው የሚያመልጥህ። ኮርኒሱ ላይ ያንን እንደ ጥጥ የሚጠቀለለውን ሙቀት መያዣ አንጥፍ። መስኮቶቹንም ወደ ፀሐይ አዙራቸው። ከዚያ በኋላ አንዲት ትንሽ ማሞቂያ ትበቃሃለች።»

«ኮርኒስ ውስጥ የተቀበረ ነገር ማን ያይልኛል?»

«ኧረ ጋሼ፣ ቁም ነገሩ መሞቁ ነው እንጂ መታየቱ ነው እንዴ?»

እሱ ግን ሐሳቡ ሌላ ነበር። ሳሎኑን ሰፊ አድርጎ፣ ትልልቅ መስታወቶቹን ወደ መንገዱ አዙሮ፣ አላፊ አግዳሚው እያየ «ይህ የማነው?» እንዲል ይፈልጋል። መንገዱ ያለው ደግሞ ፀሐይ ዞር ብላ በማታየው በኩል ነው።

በዚያው ሰሞን አንድ አሮጌ ሆቴል ተዘግቶ ዕቃው ይሸጣል ተባለ። መካኒኩ የበር እጀታ ሊገዛ ሄደ። ምድር ቤት ሲወርድ ግን ከሰው ቁመት የሚበልጥ፣ ሆዱ የተነፋ፣ የመዳብ ቧንቧ የተጠመጠመበት የናፍጣ ማሞቂያ ተገትሮ አየ። ዕድሜውን ከሞተር ጋር የኖረ ሰው ነውና ልቡ ቀለጠ። ዋጋውን ሲሰማ ጭራሽ አበደ፤ በብረቱ ኪሎ ነበር የሚሸጡት። ለኮርኒሱና ለግድግዳው ያስቀመጣትን አውጥቶ ከፈለና በጭነት መኪና አስጭኖ መጣ።

የት ይቀመጥ? ከሳሎኑ ሌላ ያን የሚያህል ነገር የሚችል አንድ ክፍል ብቻ ነበር፤ በፀሐይ መውጫ በኩል ለወጥ ቤት የተተወው። ማሞቂያውን እዚያ ተከለና ግድግዳውን በዙሪያው ገነባ። ወጥ ቤቱ ወደ ጓሮ ዞረ። ሚስቱ መጥታ አየችና ተመልሳ አሸዋዋን ማቀበል ያዘች።

ወንድሟ ግን ዝም አላለም። «ጋሼ፣ ይሄ እኮ ሆቴል ሙሉ እንግዳ ሲያሞቅ የኖረ ነው! ይበላሃል!»

«ትልቅ ዕቃ ሰው አይጎዳም።»

ምከረው ምከረው፣ እምቢ ካለ መከራ ይምከረው ይባል የለ? ልጁ መሣሪያውን ሰብስቦ ሄደ።

ቤቱ ሲመረቅ ማሞቂያው ተለኮሰ። እንዴት ያለ ሙቀት! እንግዶቹ ኮታቸውን አወለቁ፤ አንዱ ጎረቤት ሸሚዙን እስከ ደረቱ ከፍቶ «ኢንጂነር፣ ልትቀቅለን ነው እንዴ?» እያለ አሳቀ። ሚስቱ ሰው ሳያያት ወደ ወጥ ቤት ገባችና ቧንቧውን ከፍታ እጇን ሥሩ አስቀመጠች። ባሏ ሊጠራት ሲመጣ ዓይኗን ጨፍና ቆማ ነበር። «አየሽ?» አላት በኩራት።

ሳምንቱ ሳያልቅ የናፍጣው በርሜል ደረቀ። መካኒኩ የሚያፈስ መስሎት ተንበርክኮ ሥሩን አየ፤ ጠብታ እንኳ የለም። ማሞቂያው እየጠጣ ነበር እንጂ አላፈሰሰም። የሚረጭበትን አፍ አጠበበው፤ ጥቀርሻ እየተፋ ቤቱን አጠቆረው። መልሶ አሰፋው፤ ደመወዙን ጠጣበት። በመጨረሻ «ለጊዜው ነው» ብሎ አጠፋው።

ያ ለጊዜው ስንት ዓመት በላ! ቤተሰቡ ከነብርድ ልብሱ ወጥ ቤት ውስጥ በአንዲት የኤሌክትሪክ ምድጃ ዙሪያ ተሰበሰበ። ሴት ልጃቸው ጓንት አድርጋ አጠናች፤ ገጽ ለመግለጥ ብቻ ታወልቀዋለች። መኝታ ቤቱ ማዕዘኑ ሻገተ። ያ ሰፊ ሳሎን ተቆለፈ፤ መስታወቱ ሲያልበው ይውላል፣ በውጭ የሚያልፈው ሰው ግን እውነትም ያደንቀዋል።

በየዓመቱ «ዘንድሮስ ኮርኒሱን እሠራዋለሁ» ይላል። በየዓመቱም አንድ ነገር ይቀድማል፤ የግቢው በር፣ የበረንዳው ንጣፍ። አንድ ዓመትማ ትልቅ ፍሪጅ ገዝቶ መጣ።

«ምን ያደርግልናል?» አለች ሚስቱ። «ምግቡን ሳሎን ብናስቀምጠው መች ይበላሻል?»

ልጅቷም ሳቀች፣ እሱም ሳቀ። ሚስቱ ውሃ በማንቆርቆሪያ እያሞቀች ስታጥብ፣ ከሥራ መጥታ ጣቶቿን በብብቷ ይዛ ስትቀመጥ ግን ያያል። «ያምሻል?» ሲላት፣ «ደህና ነኝ፤ ድካም ነው» ትለዋለች። እሱም አምኖ ይተኛል። ማመኑ ይመቸው ነበር።

ልጅቷ አግብታ ከከተማው ማዶ ፎቅ ላይ ተከራየች። ስትወልድ ጡረታ የወጣችው እናቷ ልታርሳት ሄደች። ለጥቂት ጊዜ የተባለው ረዘመ፤ ዛሬ ሕፃኑ ተቅማጥ ይዞታል፣ ነገ ልጅቷ ሥራ ልትመለስ ነው። መካኒኩ ሲሰለቸው ሊያመጣት ሄደ።

ሲገባ ሚስቱ ዕቃ እያጠበች ነበር። የሹራቧን እጅጌ እስከ ክንዷ ሰብስባ፣ ከሳህኑ እንፋሎት እየወጣ፣ ለራሷ ታንጎራጉራለች። መካኒኩ በሩ ላይ ደርቆ ቀረ። በሠራላት ቤት ውስጥ ክንዷን ያየበትን ቀን ሊያስታውስ ሞከረ፤ አጣ። ስታንጎራጉርም ሰምቷት አያውቅም።

«መጣህ? ግባ እንጂ፣ ምን ያስቆምሃል?» አለችው።

ምሳ ሲበሉ «እንግዲህ ልጁንም ይዛችሁ ወደ ቤት ብትመጡስ? ሰፊ ነው» አለ።

ገና አፉን ሳይዘጋ ልጅቷ፣ «አባዬ፣ አትቀየመኝ» አለች። «ልጄን እዚያ ቤት አላሳድገውም። እኔ የበረደኝ ይበቃል።»

እናቷ «ተይ እንጂ» አለች በቀስታ። ልጅቷ ግን አልዋሸችም፤ እሱም ያውቀዋል። የጎረሰውን በውሃ አወረደው።

በማግሥቱ የሚስቱን ወንድም ጠራው። ልጁ፣ አሁን ሽበት ጣል ጣል ያደረገበት ጎልማሳ፣ መሰላሉን ይዞ መጣ። «ብዬህ አልነበረም?» ቢለው ይሻለው ነበር፤ አላለውም። «ከጣሪያው እንጀምር ጋሼ» ብቻ አለ።

ማሞቂያውን ለቁራጭ ብረት ነጋዴ ሸጡት። በበሩ ግን አልወጣ አለ፤ ግድግዳው በዙሪያው ነውና የተሠራው። ግድግዳውን አፈረሱት። ጠዋት ነበር። ብሎኬቱ ሲወድቅ ፀሐይ ቦግ ብሎ ገባና ጥቀርሻ የለበሰውን ወለል እስከ ጥግ አበራው። መካኒኩ መዶሻውን አስቀምጦ ተቀመጠ። ይህን ሁሉ ዓመት ፀሐዩን ለብረት ሰጥቶ ነበር የኖረው።

የፈረሰው ቦታ ላይ መስኮት አደረገ። ኮርኒሱን ሞላ፣ ግድግዳውን ደረበ፣ ትንሽ የውሃ ማሞቂያ ሰቀለ፣ ወጥ ቤቱን ወደዚያ አዞረ። ሁሉም ተደምሮ ለማሞቂያውና ለናፍጣው ካወጣው ብዙም አይበልጥም፤ ያን ሲያስብ ጥርሱን ያፋጫል።

ሚስቱ መጣች። ግድግዳውን ዳሰሰች፣ መስኮቱ ሥር ቆመች፣ ቧንቧውን ከፈተች። «ደስ ይላል» አለች፤ ከልቧ ነበር። ልትዘጋው ስትል ግን ጣቶቿ አልታዘዝ አሏት። መጋጠሚያቸው አብጦ ወደ ጎን ጎብጠዋል። እሱ ዘጋላት።

«ሐኪም አሳየሽው? ምን አለሽ?»

«ቀድመሽ ብትመጪ ኖሮ አለኝ። አሁን ሙቀት ያስታግሰዋል እንጂ አይመልሰውም።»

ጣቶቿን በፎጣ አደረቀላት።

«ያኔ ለምን አልጮህሽብኝም?» አላት።

«ብጮህስ ትሰማኝ ነበር?»

አዎ ሊላት ፈለገ። መዋሸት ሆነበትና ተወው።

ጀምበር ሳታዘቀዝቅ ሹራቧን ደርባ ተነሣች፤ ሕፃኑ ያለ እሷ አይተኛም። «በሳምንቱ መጨረሻ እመጣለሁ» አለችው። ፌርማታው ድረስ ሸኛት። በመንገድ ላይ ያወሩት ሊወጣ ስለደረሰው የልጁ ጥርስ ብቻ ነበር።