በወረቀት ላይ ያየሁት ቀዳዳ

ልጄ የጻፈቻቸውን ፕሮግራሞች አነብ የነበረው ኮምፒውተር በዓይኔ ሳላይ ነው። ይህን ስናገር ሰው ይስቃል። በደርግ ዘመን መገባደጃ ሸዋ ሮቢት ውስጥ ኮምፒውተር ያየ ሰው መኖሩን እጠራጠራለሁ። እኔ በመንግሥት እርሻ ላይ የውሃ ፓምፕ ሠራተኛ ነበርኩ። ትምህርቴ ከስድስተኛ ክፍል አላለፈም። እንግሊዝኛ የለመድኩት ከፓምፖቹ ጋር ከመጡት የጥገና መጻሕፍት ነው፤ መዝገበ ቃላት ይዤ፣ በአንድ ገጽ ላይ ሦስት ቀን እየፈጀሁ። አስተማሪ እስኪመጣለት እጁን አጣጥፎ የሚቀመጥ ሰው አልወድም። ልጆቼንም በዚሁ አሳደግኳቸው። በአስተዳደጋቸው ውስጥ ከማቀፍ ይልቅ እርማት ይበዛ እንደነበር ዛሬ አልክድም።

የመጀመሪያዋ ልጄ ሒሳብ ተምራ አዲስ አበባ አንድ መሥሪያ ቤት ተመደበች። ለመሥሪያ ቤቱ ኮምፒውተር ገብቶለት ስለነበር ሲ በሚባለው ቋንቋ ፕሮግራም መጻፍ እዚያው ተማረች። ለፋሲካ ስትመጣ የቋንቋውን መጽሐፍ ይዛ መጣች።

"አባባ፣ ይህን ቋንቋ እርስዎ አይወዱትም" አለችኝ።

"ለምን?"

"ያዘዙትን ሁሉ ዝም ብሎ ይፈጽማል። ተሳስተው ቢያዙትም እሺ ነው የሚለው።"

"እንግዲያው መጥፎ አሽከር ነው።"

ሳቀች። ስትሄድ መጽሐፉን ትታልኝ ሄደች። እኔም ክረምቱን ሙሉ አነበብኩት፤ ያልገባኝን በደብዳቤ እየጠየቅኳት ደገምኩት። ከዚያ ወዲያ የጻፈችውን በወረቀት እያተመች ትልክልኝ ጀመር። ጠርዝና ጠርዙ የተበሳሳ፣ ተጣጥፎ የሚዘረጋ ረጅም ወረቀት ነው። ወደ ደሴ የሚያልፈው አውቶቡስ ለምሳ እኛ ከተማ ሲቆም ረዳቱ ያቀብለኛል፤ ሲመለስ ደግሞ እርማቴን ይዞላት ይሄዳል።

ማሽን የለኝምና ፕሮግራሙን አስነስቼ መሞከር አልችልም። ያለኝ ንባብ ብቻ ነው። በመጀመሪያ ከውጭ የሚገባውን ሁሉ፣ ሰው በቁልፎቹ የሚመታውንም ሆነ ከሌላ ፋይል የሚመጣውን፣ በቀይ እርሳስ እከበዋለሁ። ከዚያ በጣቴ እየተከተልኩ የሚሄድበትን አያለሁ። ወደ ሌላ ስም ከተገለበጠ ያንንም እከበዋለሁ። በደረሰበት ቦታ ሁሉ እጠይቃለሁ፦ ይህን የለካው አለ? የተሰጠው ቦታስ ይበቃዋል? መልሱን ወረቀቱ ላይ ካጣሁት ዳር ላይ መስቀል አደርጋለሁ። ለእኔ እንግዳ ሥራ አልነበረም። ከሮቢ ወንዝ የሚሳበውን ውሃ ቦዩ ይችለው እንደሆነ በየመታጠፊያው ካልጠየቁ፣ ሞልቶ የሚፈሰው የሰው ማሳ ላይ ነው።

ከማደርጋቸው መስቀሎች ብዙዎቹ ከንቱ ነበሩ። "አባባ፣ ሰባት መስቀል ልከውልኛል፤ አምስቱ ስህተት አይደሉም። ቁጥሩ እዚያ ሳይደርስ በፊት ባልላክሁልዎ ገጽ ላይ ተለክቷል" ብላ ትጽፍልኛለች። ሁለቱ ግን እውነት ሆነው ይገኛሉ። ስለ ሁለቱ ታመሰግነኛለች። ስለ አምስቱ እኔ ይቅርታ ጠይቄ አላውቅም።

የማነበው ጎረቤቴ ልብስ ሰፊው በረንዳ ላይ ነበር። አርጎባ ነው፤ ቀልድ የማይጠፋው ሰው።

"ይሄ ክታብ ለምን በሽታ ነው?" ይለኛል ወረቀቱን እያየ።

"ለቸልተኝነት።"

"እንግዲያው አሳጥረኸዋል። እዚህ አገር ላለው ቸልተኝነት እስከ ጀውሃ ድረስ ቢዘረጋም አይበቃ፣ ወላሂ።"

ቀልዱን የተወው ልጁን ከገበያ መሐል አፍሰው ለብሔራዊ ውትድርና የወሰዱበት ጊዜ ነው። ያን ሰሞን በወረዳችን በቀወት መንደሮች ጢሙ ያቀመቀመ ሁሉ ወይ ተወስዷል፣ ወይ ቆላ ወርዶ ተደብቋል። ጎረቤቴ የስፌት መኪናውን ሲረግጥ ይውላል።

በዚያው ጊዜ ልጄ ሌላ ወረቀት ላከችልኝ። ለውትድርና የሚጠሩ ወጣቶች ስም የሚያዝበትን መዝገብ የሚከፍትና የሚዘጋ ፕሮግራም ነው። የሰው ስም አልነበረበትም፤ ፕሮግራሙ ብቻ ነው። ከላዩ ላይ አጭር ማስታወሻ ነበረች፦ "አባባ፣ ይህን ለማንም አያሳዩ። እኔ መላኬንም ለማንም አይንገሩ። ብቻ አንዴ ይዩልኝ፤ ፈርቻለሁ።"

ቤት ውስጥ ሆኜ ሁለት ቀን አነበብኩት። አራተኛው ገጽ ላይ አገኘሁት። ፕሮግራሙ ሲነሳ የምሥጢር ቃል ይጠይቃል። ለቃሉ የተለየለት ቦታ አሥር ፊደል ይይዛል። ቃሉን የሚቀበለው ትዕዛዝ ግን አይቆጥርም፤ ሰው ሠላሳ ፊደል ቢመታ ሠላሳውንም ያስገባል። ትርፉ ሞልቶ አጠገቡ ባለው ነገር ላይ ይፈሳል። ከሥሩ የተጻፈው ደግሞ "ይግባ" ወይም "አይግባ" የሚለውን የሚይዝ ቁጥር ነው። ዜሮ ከሆነ አይገባም፤ ከዜሮ ሌላ ምንም ይሁን ምን ይገባል። እንግዲህ ቃሉን የማያውቅ ሰው ረጅም ከንቱ ነገር ቢመታ በሩ ሊከፈትለት ይችላል ማለት ነው።

ሊከፈት ይችላል እንጂ ይከፈታል ለማለት፣ ማሽኑ ሁለቱን ጎን ለጎን እንዳስቀመጣቸው ማወቅ ያስፈልጋል። መጽሐፉ በዚህ ላይ ምንም ዋስትና አይሰጥም። ይህን ያን ጊዜም አውቀው ነበር። በደብዳቤዬ ግን አልጻፍኩትም።

ለባለቤቴ ነገርኳት።

"ለማስተካከል ስንት መስመር ይፈጃል?" አለችኝ።

"አንድ።"

"ታዲያ አንድ መስመር ጽፋ ዝም ትበላ።"

"መዝገቡ ሥራ ከጀመረ ወር አልፎታል። በዚህ መሐል ባለገንዘብ ሰው አስገብቶ የልጁን ስም አስፍቆ እንደሆነስ? በምትኩ የማን ልጅ ሄደ?"

"እሷ ናት የፋቀችው?"

"በሩን የሠራችው እሷ ናት።"

"አንተ ሰው፣ ልጅህ እኮ ናት። ፓምፕ አይደለችም" አለችኝ።

በዚያ ዘመን በየመሥሪያ ቤቱ የውይይት ስብሰባ ነበር። ሰው ተነስቶ የራሱን ጥፋት ይናገራል፤ ግለሂስ ይባላል። ብዙው ሰው "አልፎ አልፎ አረፍዳለሁ" የምትል ቀላል ጥፋት መርጦ ተናግሮ ይቀመጣል። እኔ እንዲህ ያለውን ሰው እንቅ ነበር። አንድ ጊዜ ዘይት ሳልለውጥ ቀርቼ ሞተር ማበላሸቴን ቆሜ ተናገርኩ። አጨበጨቡልኝ፤ ለሌላው ምሳሌ ነው ተባልኩ። ሸዋ ሮቢት፣ ሃያ ዓመት በሚያውቁኝ ሰዎች ፊት የሆነው፣ አዲስ አበባ በማያውቋት ሰዎች ፊትም የሚሆን መሰለኝ።

እንዲህ ብዬ ጻፍኩላት፦ "ቀዳዳውን ድፈኚው። በሚቀጥለው ስብሰባ ግን ቆመሽ ተናገሪ። ሰው ሳያይ የተደፈነ ጥፋት እንደታረመ አይቆጠርም። ይህን ካላደረግሽ ሌላ ወረቀት እንዳትልኪልኝ።"

መልስ አልመጣም። በሦስተኛው ሳምንት የአውቶቡሱ ረዳት ባዶ እጁን መጣ። "ጋሼ፣ ልጅዎ ከሥራ ታግዳለች። አብራት የምትኖረዋ ናት ንገራቸው ያለችኝ" አለኝ። ተናግራ ነበር። ያጨበጨበ ሰው አልነበረም። ሰብሳቢው ቸልተኝነት ነው ወይስ አሻጥር ብሎ ጠይቆ ጉዳዩን ወደ ኮሚቴ መርቶታል።

አዲስ አበባ ልሄድ ስነሳ ባለቤቴ በሩ ላይ ቆመች።

"ሄደህ ምን ልትል ነው?"

"እውነቱን።"

"በእመቤቴ ይዤሃለሁ፣ እውነቱ ይቅር። አባቷ ነኝ፣ ማሩልኝ፣ ይህን ብቻ በል።"

ደብረ ሲና ስንደርስ ብርድ መታኝ፤ ልብስ ደርቤ አልወጣሁም ነበር። መንገዱን ሙሉ የምናገረውን ሳሰናዳ ነበር። ማሩልኝ ማለት ለእኔ ጥፋትን ማመን መሰለኝ። አባቷ ጨዋ ሰው መሆኑን ሲያዩ እሷንም ያምኗታል ብዬ አሰብኩ።

የመሥሪያ ቤቷ ኃላፊ ወጣት ነበር፤ አክብሮ አስቀመጠኝ። አሻጥር እንዳልሆነ ነገርኩት። አሻጥር ቢሆን ኖሮ እርማት ፈልጋ ለእኔ ባልላከችው አልኩት። ስህተቱን ያገኘሁት እኔ ነኝ፣ ተናገሪ ብዬ ያዘዝኳትም እኔ ነኝ አልኩት።

ብዕሩን አነሳ። "አባት፣ የት ነው የሚሠሩት?"

"ሸዋ ሮቢት፣ እርሻ ላይ። ፓምፕ ነው።"

"ፕሮግራሙን የት ሆነው አነበቡት?"

"ቤቴ።"

"አሁን የት ነው ያለው?"

"ቤቴ፣ ሳጥን ውስጥ።"

"በምን ደረሰዎ?"

"በአውቶቡስ።"

ስመልስ ኩራት ቢጤ ይሰማኝ ነበር። አንድ የተማረ ሰው አንድ የፓምፕ ሠራተኛ ሲን አንብቦ መረዳቱን እየጻፈ ነው ብዬ ነበር። ይህን ማስፈር ያሳፍረኛል፤ ግን እውነት ነው። "ማን አቀበለዎ?" ሲለኝ ረዳቱ ትዝ አለኝ። የሰው ልጅ ነው፣ ምን ዕዳ አለበት ብዬ ዝም አልኩ። ሁለት ጊዜ ጠየቀኝ፤ ዝም አልኩ። ለባዳ ልጅ ዝም ማለት ችያለሁ።

ኃላፊው ብዕሩን አስቀመጠ። "አባት፣ ልጅዎ ይህን አልነገረችንም" አለኝ። ስህተቱን ብቻዋን እንዳገኘችው ነበር የተናገረችው። የእኔን ስም አንስታ አታውቅም።

በዚያው ቀን ከሰዓት በኋላ ከቤቷ ወሰዷት። ቸልተኝነቱ ተረሳ፤ ክሱ የመንግሥት ምሥጢር ማውጣት ሆነ። እኔንም ሦስት ቀን አሳድረው፣ ሸዋ ሮቢት ድረስ ሰው ልከው ሳጥኑንና መጽሐፉን አስወስደው ለቀቁኝ። እሷ አሥራ አንድ ወር ቆየች። ባለቤቴ በየሁለት ሳምንቱ ስንቅ ይዛ አዲስ አበባ ትወጣለች። በር ላይ ተቀብለው የቆሸሸ ልብሷን ይሰጧታል፤ በዚያ ነው በሕይወት መኖሯን የምናውቀው። ባለቤቴ ልብሱን አጥባ ስታሰጣ እኔ እንዳልነካው ትከለክለኝ ነበር።

ሳይፈርዱባት ፈቷት። በግንቦት ሙቀት ከአውቶቡስ ወረደች፤ ከስታለች፣ ፀጉሯ ተቆርጧል። እንደ ወትሮዋ ዝቅ ብላ ጉልበቴን ሳመች። ብድግ አድርጌ ላቅፋት ፈልጌ እጄ አላውቅበት አለኝ።

ሳምንት ያህል ሳንነጋገር ቆየን። አንድ ቀን እኩለ ቀን ላይ ጥላ ሥር ተቀምጣ ሽንኩርት ስትልጥ አጠገቧ ሄድኩ። ይቅርታ ልጠይቃት ነበር የሄድኩት። ከአፌ የወጣው ሌላ ሆነ።

"ያን ቀዳዳ ደፍነሽው ነበር?"

"ደፍኜዋለሁ።"

"ከመድፈንሽ በፊት ሞክረሽው ነበር?"

ቢላዋውን አቆመች። "ሞክሬዋለሁ።"

"ተከፈተ?"

"አልተከፈተም፣ አባባ። ማሽኑ ሁለቱን ጎን ለጎን አላስቀመጣቸውም። ረጅም ሲመቱበት ደርቆ ይቆማል፤ አጥፍቶ ማብራት ነው። በሃያም፣ በሠላሳም፣ በመቶም ፊደል ሞከርኩት። ማንም አልገባበትም።"

"ይህን እያወቅሽ ነው ስብሰባው ላይ የተነሳሽው?"

"አዎ።"

"ለምን?"

"ተናገሪ ብለውኛላ።"

ቁጣ አልነበረበትም። ቁጣ ቢኖርበት በወደድኩ።

"አይከፈትም ብለሽ ለምን አልጻፍሽልኝም?"

"ብጽፍልዎ ምን ይሉኝ ነበር?"

አሰብኩት። በሌላ ማሽን ይከፈታል፣ ስህተት ስህተት ነው፣ ተናገሪ እላት ነበር። አሁንም ቢሆን ያ መስመር ስህተት ነበር እላለሁ፤ ሊደፈን ይገባው ነበር። ነገር ግን እኔ ያየሁት ወረቀት ብቻ ነው። በሩን ሞክሬ አላየሁትም፤ የሞከረችውንም አልጠየቅኳትም። ያላወቅኩትን እንዳወቅኩ አድርጌ ጽፌ፣ ልጄን ባዶ በሆነ ነገር ሰው ፊት አቆምኳት።

"አጥፍቻለሁ" አልኳት። በሕይወቴ ለልጅ ተናግሬው የማላውቀው ቃል ነው።

"እርስዎ አላጠፉም፣ አባባ። ስህተቱ እኮ ነበረ" አለችና ወደ ሽንኩርቷ ተመለሰች። ዓይኗ ያነባ ነበር፤ በሽንኩርቱ ይሁን በሌላ አላወቅኩም፤ አልጠየቅኳትምም።

ወደ መንግሥት ሥራ አልመለሷትም። ጀውሃ ቤት ተከራይታ ለተማሪዎች ሒሳብ ማስጠናት ጀመረች። አልፎ አልፎ እሄድ ነበር። ስለ እናቷ ጤና፣ ስለ ዝናቡ፣ ስለ ማሽላው ትነግረኛለች፤ እንደ ቀድሞዋ አክብራ። እርማት ሊገባበት የሚችል ነገር ግን አትነግረኝም። አንድ ቀን ስገባ ደብተር ላይ ጎንበስ ብላ ስትጽፍ አገኘኋት። ድምፄን ስትሰማ ደብተሩን ቀስ ብላ ዘጋችው፤ ውሃ ልትቀዳልኝ ተነሳች። ምን እየጻፈች እንደነበር ለመጠየቅ አፌን ከፍቼ ነበር። ተውኩት። ውሃውን ጠጥቼ ቀዝቃዛ መሆኑን ነገርኳት።