ውሃው ከቀዩ ምልክት ያለፈ ዕለት

ልጅ እያለሁ የዝናብ ድምፅ እወድ ነበር። ሰባተኛ ክፍል ስገባ ግን መፍራት ጀመርኩ። ትምህርት ቤታችን ከቦንጋ ወጣ ብሎ በሺሺንዳ መንገድ በኩል ነበር፤ ቤታችን ደግሞ ከወንዙ ማዶ። መሻገሪያችን አንድ የወደቀ ግንድ ነበር። በበጋ እየተሯሯጥን እናልፍበታለን። ዝናብ ሲጥል ግን ግንዱ አረንጓዴ ይለብስና እንደ ሳሙና ያንሸራትታል። የእንሰት ቅጠል ራሳችን ላይ ደፍተን፣ ደብተራችንን በፌስታል ጠቅልለን፣ ማን ይቅደም እየተባባልን እንገፋፋ ነበር። እናቴ ጠዋት ጠዋት ወንዙ ድረስ ትሸኘንና ተሻግረን እጃችንን እስክናውለበልብላት ድረስ ከቆመችበት አትነቃነቅም።

ያን ዓመት ሳይንስ ሊያስተምሩን የመጡት ቲቸር ሰናይት ከደብረ ብርሃን የተመደቡ ወጣት መምህርት ነበሩ። የእኛ አገር ጭቃ ጫማቸውን ከእግራቸው እየነጠቀ ያስቸግራቸው ነበር። ገና እንደመጡ መጽሐፉን ዘግተው ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡና፣ «በዚህ ዓመት ሰፈራችሁን የሚያስቸግር አንድ ነገር ትመርጣላችሁ። ታጠኑታላችሁ፤ መፍትሔውን በእጃችሁ ትሠራላችሁ፤ በመጨረሻ ወላጆቻችሁ ፊት ቆማችሁ ታስረዳላችሁ» አሉን። ለእኛ ትምህርት ማለት ሰሌዳ ላይ የተጻፈውን መገልበጥ ነበር። አንዱ ቡድን የንብ ቀፎ መረጠ፣ ሌላው የመጸዳጃ ቤቱን ሽታ። እኔ፣ ሙሉወርቅና ታደሰ ሦስታችንም ከማዶ የምንመጣ ስለነበርን ድልድይ እንሠራለን አልን። ክፍሉ በሳቅ ፈነዳ። ቲቸር ግን አልሳቁም።

«ወንዙ ሲሞላ እስከ የት ይደርሳል?» አሉን።

አናውቅም።

«እንግዲያው ከዚያ ጀምሩ።»

ከዚያ በኋላ ከትምህርት ስንወጣ ወደ ቤት በቀጥታ መሄድ ቀረ። ሽማግሌዎችን እየዞርን ጠየቅን፤ አንዱ እዚህ ነው ሲሉን ሌላው እዚያ ነው ይሉናል። በየዳርቻው ቄጠማ ላይ ጨርቅ አስረን ከዝናብ በኋላ የትኛው እንደረጠበ እናይ ጀመር። ከቀርከሃና ከቃጫ ትንሽ ድልድይ ሠርተን ክፍል ውስጥ በሁለት ዴስኮች መካከል ዘረጋንና ድንጋይ ጫንንበት። ገና ከመጫናችን ተሰባብሮ ወለሉ ላይ ተበተነ። አንገታችንን ደፍተን ቁጣ ስንጠብቅ ቲቸር ተንበርክከው ስብርባሪውን እያገላበጡ፣ «መጀመሪያ የተሰበረው የቱ ጋ ነው?» አሉ። እንዲህ ያለ ጥያቄ ሰምቼ አላውቅም ነበር። እስከዚያ ድረስ ስህተት የሚያስከትለው አለንጋ ብቻ ይመስለኝ ነበር። ከዚያ ወዲህ እንጨቱን አግድም ብቻ ሳይሆን ሰያፍም ማሰር ተማርን። የተቆረጠ እርጥብ ቀርከሃ ሽታ ከእጄ አልጠፋ ብሎ እናቴ እራት ላይ ትነጫነጭ ነበር።

ትክክለኛውን ድልድይ ስንሠራ ወላጆች ባሕር ዛፍ አዋጡ፤ ልጆቹ እዚያው ትምህርት ቤት የሚማሩት አናጢው ጋሽ ኃይሌ መጋዝና መዶሻቸውን ይዘው መጡ። ወንዙ ከሁሉም በላይ የሚጠብበትን ቦታ ለክተን መርጠን እዚያ ላይ አቆምነው። በምረቃው ቀን ከዳርቻው አንድ ምሰሶ ተክለን በመካከሉ ቀይ መስመር ቀባንበት፤ ንግግሩም ለእኔ ደረሰኝ። «ውሃው ከዚህ ቀይ ካለፈ ማንም አይሻገርም። ከጎደለም በኋላ እኛ ከሥር ሳናይ ማንም አይረግጠውም» አልኩ። ተጨበጨበ። ከሁሉም አብልጦ ያጨበጨበው አባቴ ነበር።

ቀዩ ምልክት የተፈተነው ብዙም ሳይቆይ ነው። ቲቸር ሰናይት ለስብሰባ ቦንጋ ሄደው ነበር። ከሰዓት በኋላ ከጫካው በኩል ሰማዩ ጠቆረና በቆርቆሮው ጣሪያ ላይ ዝናቡ መምህሩን እስከማያሰማን ድረስ ወረደ። አንደኛ ክፍል የነበረችው እህቴ ምሕረት ከጠዋት ጀምሮ ራሴን እያለች ነበር፤ ስንለቀቅ ግንባሯን ብነካው ይፋጃል። አዝያት ወንዙ ጋ ስደርስ የማዶ ልጆች ሁሉ ተኮልኩለው ቆመዋል። ውሃው ደፍርሶ ቅርንጫፍ እያንከባለለ ይጮኻል። ምሰሶው ይታያል፤ ቀዩ ግን የለም፤ ውሃው ውጦታል። ድልድያችን ከውሃው ትንሽ ከፍ ብሎ ቆሟል።

ታደሰ ጠጋ ብሎ፣ «ይችላል አስቴር፤ እኛ አይደለን እንዴ የሠራነው?» አለኝ።

አፌን ሳልከፍት ዳይሬክተራችን ጃንጥላቸውን ይዘው ደረሱ። «ምን ትጠብቃላችሁ? ይሄው ቆሟል! ሳይመሽባችሁ ተሻገሩ እንጂ!»

ምሕረትን ለሙሉወርቅ አሳዘልኳትና ሄጄ የድልድዩ አፍ ላይ ቆምኩ። እጆቼን ግራና ቀኝ ዘረጋሁ። «አይቻልም፤ ከቀዩ አልፏል» አልኩ።

«አንቺ ማነሽና ነው የምትከለክዪው?»

ሙሉወርቅ እህቴን እንዳዘለች መጥታ አጠገቤ ቆመች። ያኔ ነው ማዶ ካሉት ሰዎች መካከል አባቴን ያየሁት። የምሕረት ራስ የሙሉወርቅ ትከሻ ላይ እንደተዘነበለ አይቷል። በአገራችን ቋንቋ በካፊኖኖ፣ «እህትሽ ታማለች! ዞር በይ፣ እኔ መጥቼ እወስዳታለሁ!» ብሎ ጮኸና አንድ እግሩን እንጨቱ ላይ አሳረፈ።

«አባዬ፣ አትርገጠው!»

በሕይወቴ አባቴ ላይ ጮኼ አላውቅም ነበር። ወንዙ ድምፄን የዋጠው መስሎኝ ደግሜ ጮኽኩ። «አንተም ሰምተኸኛል! ፊትህ ነው የተናገርኩት!» እግሩን አላነሳም፣ አልቀጠለምም። ሁሉም ሰው እሱን ያያል። ፊቱ ላይ ያየሁት ቁጣ ነበር፤ ቀስ ብሎ ግን እግሩን መለሰና ጭቃው ላይ ቁጭ አለ። ዳይሬክተሩ ራሳቸውን እየነቀነቁ ሄዱ።

ቤታቸው በትምህርት ቤቱ በኩል የሆነው ጋሽ ኃይሌ ምሕረትን አቅፈው ጤና ጣቢያ ወሰዷት። መድኃኒት ተሰጣትና እሳቸው ቤት አደርን፤ ሌሎቹ የማዶ ልጆችም እዚያው ሰፈር ቤት ለቤት ተከፋፍለው አደሩ። ባለቤታቸው ትኩስ ቆጮ በጎመን አቀረቡልኝ፤ ጆሮዬ ግን ወንዙ ላይ ነበር። ድልድዩ ሲፈርስ እሰማለሁ ብዬ ብጠብቅ ምንም የለም። ከመፍረሱ ይልቅ ቆሞ ማደሩ ያስፈራኝ ጀመር። ነገ ቆሞ ቢገኝ አባቴን በምን ዓይኔ አየዋለሁ?

ቆሞ ተገኘ። ዝናቡ አባርቶ፣ ውሃው ከቀዩ በታች ወርዶ፣ ድልድያችን ፀሐይ ላይ እንፋሎት እያወጣ ነበር። ሰው ሁሉ ወጥቶ ያየዋል። «በከንቱ ነዋ ልጆቻችንን ውጭ ያሳደረቻቸው!» አለች አንዲት ሴት ከማዶ፤ ሌሎቹ ሳቁ። ዳይሬክተሩ ወደ እኔ ዞረው እጃቸውን ወደ ድልድዩ ዘረጉ። መሬት ብትውጠኝ በወደድኩ።

ቲቸር ሰናይት በመጀመሪያው ሚኒባስ መጥተው ነበር። ሁሉንም ሰሙ። ልክ ነሽም ተሳስተሻልም አላሉኝም። ሦስታችንን ጠርተው፣ «ውሃው ጎድሏል። ከጎደለ በኋላ ምን ይደረጋል ብላችሁ ነበር?» አሉ።

ታደሰ ረጅም እንጨት አነሳና በደረቱ ተኝቶ ከድልድዩ እግር ሥር ወጋ ወጋ አደረገ። እንጨቱ ገባ። ክንዱም ተከትሎ እስከ ብብቱ ገባ። ቀና ሲል ፊቱ አመድ መስሏል። «ባዶ ነው» አለ። ጋሽ ኃይሌ የድልድዩ እግር ላይ ገመድ አሰሩና ከሌሎች ወንዶች ጋር ሆነው ገና ሳብ ሲያደርጉት አፈሩ ተንሸራተተ፤ የድልድዩ አንድ ጫፍ ውሃው ውስጥ ጧ ብሎ ወደቀ።

«የቱ ጋ ነው የተሳሳትነው?» አሉ ቲቸር ቀስ ብለው። «የተሳሳታችሁት» ሳይሆን «የተሳሳትነው» ብለው ራሳቸውን ከእኛ ጋር መቁጠራቸውን ያስተዋልኩት ካደግሁ በኋላ ነው።

«ስፋቱን ለካን» አለች ሙሉወርቅ፣ «አፈሩን ግን አላየነውም።»

አባቴ ሰዓታት በሚፈጀው የላይኛው መንገድ ዞሮ ረፋድ ላይ ደረሰ። መጀመሪያ የምሕረትን ግንባር ዳሰሰ። ቀጥሎ የወደቀውን ድልድይ ዞሮ አየ። «ትናንት ለእናትሽ፣ ልጅሽ ሰው ፊት አዋረደችኝ ብያታለሁ» አለኝ። ከዚያ ጫማውን ከጭቃው እየጠረገ፣ «ድጋሚ ስትሠሩት እኔንም ጥሩኝ» አለ። ጠራነው። ከላይ ድንጋያማው ዳርቻ ላይ ስንተክለው የመጀመሪያውን ጉድጓድ የቆፈረው እሱ ነው።

ዛሬ እዚያ የኮንክሪት ድልድይ አለ፤ ባጃጅ ሳይቀር ያልፍበታል። የማዶ እናቶች ልጆቻቸውን ወንዝ ድረስ መሸኘት ቀርቶላቸዋል፤ እሰየው ነው። ሰባተኛ ክፍል የደረሰው ልጄም ፕሮጀክት ይሰጠዋል። ባለፈው ስለ ውሃ ጥበቃ ሥሩ ተብለው ቦንጋ ከሚገኝ ኮፒ ቤት በባለ ቀለም አሳትሞ፣ በፕላስቲክ አስጠርዞ አመጣው። ያምራል። አንድም ቦታ አልተሰረዘም፣ ጭቃም አልነካው። ሙሉ ማርክ እንዳገኘ ነግሮኝ አቀፍኩት። ውስጤን ግን አንድ ነገር ቅር አለው፤ ምን እንደሆነ ላስረዳው ስል ነው ይህን ሁሉ ያወጋሁት።

እስከ መጨረሻው ሰማኝና፣ «እናንተስ ከስንት ስንት አገኛችሁ?» አለኝ።

ብዙ አሰብኩ። ማርክ ሳይሰጡን አይቀሩም። ስንት እንደነበር ግን ፈጽሞ ሊታወሰኝ አልቻለም።