ኤሌክትሪክ ልማር ብዬ የሄድኩበት ቀን

ዛሬ የሙያ ማሠልጠኛው ቢሮ ገብቼ ከአፌ የወጣው «ስምንተኛ» እና «እሺ» ብቻ ነው።

ከአጎቴ ጋር ቧንቧ እሠራለሁ። ጠዋት ሳቢያን ሰፈር አንድ ቤት የውሃ ፓምፕ ቀየርን። ገጥመን ስንጨርስ የቤቱ ባለቤት «በሉ ኤሌክትሪኩንም አገናኙት» አሉን። አጎቴ ደግሞ አንዴ ኤሌክትሪክ ከያዘው ወዲህ ሽቦ አይነካም።

«አቦ! ግማሽ ባለሙያ ናችሁ እንዴ?» ብለው ሁለቱንም የሚሠራ ሰው ጠሩ። የመታጠቢያ ቤቱንም ሥራ ለእሱ ሰጡት። ስንት ጊዜ የሠራንላቸው ደንበኛችን ናቸው።

ከዚያ ነው ኤሌክትሪክ ልማር ብዬ የሄድኩት። መዝጋቢው እስከ ስንተኛ ክፍል እንደተማርኩ ጠየቀኝና «የኔ እህት፣ ኤሌክትሪክ አሥረኛን ላልጨረሰ አይሆንም። ፀጉር ሥራ ግቢ፣ እሱ ክፍል አይጠይቅም» አለኝ።

(የራሴን ፀጉር እንኳ የምትሠራልኝ እህቴ ናት።)

ቧንቧ መግጠም እንደምችል፣ የቀረኝ ሽቦው ብቻ እንደሆነ ልነግረው አስቤ ነበር። «እሺ» ብዬ ወጣሁ።

በር ላይ የሚጠብቀኝ አጎቴ «ተመዘገብሽ?» አለኝ። ወደ መንገዱ መሄድ ስጀምር ገባው። የመፍቻ ቦርሳውን አንሥቶ ባጃጅ ጠራ።

ከስምንተኛ አቋርጦ ኤሌክትሪክ የተማረ ያለ አይመስለኝም። ካላችሁ ግን እንዴት እንደገባችሁ ጻፉልኝ። በውስጥ መስመር ቢሆን ይሻለኛል፤ ሰው ፊት መናገር አልችልበትም።