ወንዝ የተሻገረው ቀይ ሶፋ

ሰው ሲበዛ ድምፄ ይጠፋል። ስድስተኛ ክፍል ሳለሁ አስተማሪያችን ስሜን ሲጠሩ «አቤት» ማለት አቅቶኝ፣ ፊታቸው ተቀምጬ ቀሪ ተብያለሁ። ትምህርቴን ያቆምሁትም በዚያው ዓመት ነው። ስለዚህ ከእንግሊዝ አገር እንግዶች ሊመጡ ነው ሲባል የማልናገርበትን ሥራ ስጡኝ ብዬ እናቴን ለመንኋት። ሶፋ ተሸካሚ አደረጉኝ።

ቤተ ክርስቲያናችን እንግሊዝ አገር ካለች አንዲት ቤተ ክርስቲያን ጋር ከተወዳጀች ቆይታለች። እነሱ ለእኛ ይጸልያሉ፣ እኛም ለእነሱ እንጸልያለን፤ በዓል ሲደርስ ፎቶ እንላላካለን። አንድ ዓመት መስከረም ላይ ግን ሁለት ሰዎች ራሳቸው መጡ፤ አንዲት ረጅም ሴት ቄስና ካሜራ ያነገቱ አንድ ሽማግሌ። ሴት ቄስ አይተን ስለማናውቅ፣ ይሳለማሉ ወይስ ያሳልማሉ ብሎ ሰው ተጨነቀ። የደብሩ አባ ነገሩን ባጭሩ ዘጉት። «እንግዳ ናቸው። ቅስናቸውን አገራቸው ይወቀው፤ የእኛ ድርሻ እግር ማጠብ ነው» አሉ።

ከቅዳሴ በኋላ ዋርካው ሥር ተሰበሰብን። ሴትዮዋ በአስተርጓሚ እንደነገሩን፣ እሳቸውና ምእመናኑ አደባባይ ወጥተው በምክር ቤታቸው ፊት ይቆማሉ፤ ለሹማምንቶቻቸው የድሃ አገር ዕዳ ይቅለል፣ ንግዱም ድሃውን አይበድል ይላሉ። አሁን የመጡትም ኑሯችንን በዓይናቸው አይተው ለሕዝባቸው ሊያሳዩ ነው። ከእኛም ጋር አንድ ሥራ ለመሥራት አስበዋል፤ ምን ይሁን? አባ ወዲያው የእግር ድልድይ አሉ። ሴትዮዋም ቤት ለቤት ዞረው ፎቶ አንስተው ምእመናናቸውን እንደሚጠይቁ ነገሩን።

ድልድዩ ለማን እንደሚያስፈልግ ሁሉም ያውቃል። ወንዙ የእኛን ቤትና ጥቂት ጎረቤቶቻችንን ከቤተ ክርስቲያኑና ከወረታ መንገድ ይለየናል። ክረምት ሲገባ ሜዳው ከውሃው ጋር አንድ ይሆናል። ታላቅ እህቴ የፊተኛ ልጇን የወለደችው ወንዙ ዳር፣ ጃንጥላ ተዘርግቶላት፣ ውሃው እስኪጎድል ስትጠብቅ ነው። በዚያ መስከረም ደግሞ ሁለተኛውን ይዛ፣ ጥቅምት ላይ ትወልዳለች ተብላ፣ ውሃውን እያየች ትውል ነበር።

ስብሰባው ሲበተን አንድ አዛውንት፣ እነዚህ ሰዎች ለእኛ ብለው ከመንግሥታቸው ጋር ተጣልተው ቢታሰሩስ ብለው ሰጉ፤ አባም በጸሎት ሊያስቧቸው ቃል ገቡ። ሴቶቹን ያስጨነቃቸው ግን ፎቶው ነው። ጎረቤታችን፣ የሶፋው ባለቤት፣ እንዲህ አለች፦ «ገበናችንን አደባባይ ሊያወጡት ነው እኮ። የፎገራ ሰው መቀመጫ እንኳ የለውም ይባልብን?»

ይህን የሰማ ሁሉ ተንቀሳቀሰ። በእኛ አገር እንግዳ የመጣበት ቤት የመንደሩ ሁሉ ቤት ነው። ትሪ ያላት ትሪ፣ ብርጭቆ ያላት ብርጭቆ ታመጣለች፤ እንግዳውም ዕቃው የማን ነው ብሎ አይጠይቅም። እንዲህ ሆነና ችግራችንን ሊያዩ ባሕር ተሻግረው የመጡትን ሰዎች ችግራችንን ደብቀን ልንቀበላቸው ተነሣን።

ሶፋው አንድ ሰው የሚያስቀምጥ ቀይ ነው። ልጇ ከባሕር ዳር ገዝቶ ካመጣላት ጀምሮ ላስቲኩ አልተገፈፈም፤ ሰውም አልተቀመጠበትም። እንግዶቹ የሚገቡት አራት ቤት ነው፤ ሦስቱ በቤተ ክርስቲያኑ በኩል ስለሆኑ ወንዶቹ ሶፋውን በማለዳ ወንዙን አሻግረውልኛል። እኔ ሶፋውን በገመድ ጀርባዬ ላይ አስሬ በጓሮ በኩል ልቀድም፣ አባ ደግሞ በደጅ በኩል እንግዶቹን ስለ ሩዝ እያስረዱ ሊያዘገዩልኝ ተስማማን። ባለቤቲቱ ከኋላዬ ትከተላለች። «ቀስ፤ አጥሩ እንዳይቀደው። አንች፣ ላስቲኩን!»

መጀመሪያው ቤት ሽማግሌው ተቀመጡና ብድግ አሉ። ለካ ሶፋው ውስጥ አንድ ሽቦ ኖሯል፤ ማን ተቀምጦበት ይወቀው? ሁለተኛው ቤት ሲቀመጡ አሁንም ብድግ አሉ። ሦስተኛው ቤት ከመቀመጣቸው በፊት ሶፋውን በመዳፋቸው ዳሰሱ፣ ሽቦውን አገኙት፣ ከእሱ ፈንጠር ብለው ተቀመጡ። ከዚያ ለሴትዮዋ ጠጋ ብለው አንድ ነገር አሏቸው፤ ሴትዮዋም ከንፈራቸውን ነከሱ። በአጥሩ ቀዳዳ አይቼ «ታወቀብን» አልሁ። ባለቤቲቱ ግን በኩራት «ለመዱት» አለችኝ።

አራተኛው ቤት የእኛ ነው፤ ከወንዙ ማዶ። ወንዶቹ ሁሉ እንግዳ አጅበው ስለቀሩ ብቻዬን ገባሁበት። ውሃው ከጉልበቴ በላይ ነው። መሐል ስደርስ ሁለቱም እግሮቼ ጭቃው ውስጥ ሰመጡ። ወደ ፊት አይሉ፣ ወደ ኋላ አይሉ፤ እኔ ቀይ ሶፋ እንዳዘልሁ ችካል ሆኜ ቀረሁ። ወዲያው ከኋላዬ የአባን ድምፅ ሰማሁ። ሩዝ እንዴት እንደሚነቀልና እንደሚተከል እንደገና እየተናገሩ ነበር፤ ድንገት ዝም አሉ።

እንግዶቹ ዳር ቆመዋል። ሰው ሁሉ መሬት መሬት ያያል። ባለቤቲቱ ከውሃው ዳር ሆና ድምፅዋን ቀንሳ «ዞረሽ እንዳታያቸው» አለችኝ፤ ዞሬ ባላያቸው እነሱ እንደማያዩኝ ሁሉ።

ሴትዮዋ ጫማቸውን አወለቁ። ሱሪያቸውን ጠቅልለው ውሃው ውስጥ ገቡና ሶፋውን ከሥሩ ደገፉልኝ። አስተርጓሚውም ቀለም የተቀባ ጫማውን አይቶ አይቶ ተከተላቸው። ሶፋው ወዴት እንደሚሄድ ጠየቁኝ። ባለቤቲቱን አየኋት፤ እንዳትናገሪ ብላ ራሷን ነቀነቀች። ማዶ የቆመች እናቴን አየኋት፤ እሷም ነቀነቀች። ከእናቴ አጠገብ እህቴ ሆዷን ይዛ ቆማለች። እሷ አልነቀነቀችም።

«ወደ እኛ ቤት ነው» አልሁ። «እርስዎ እንዲቀመጡበት። የእኛ አይደለም፤ እኛ ቤት መደብ ነው ያለው።»

ቃሉ አንዴ ከወጣልኝ ወዲያ መመለስ አልቻልሁም። «እህቴ ልትወልድ ነው። የፊተኛውን እዚያ ዳር ነው የወለደችው፣ ውሃው አላሳልፍ ብሏት። ሶፋ አንፈልግም። ድልድዩን ነው።»

አስተርጓሚው ሲጨርስ ሴትዮዋ እጄን ይዘው ተናገሩ። አስተርጓሚው ሳቁን እየዋጠ እንዲህ አለን፦ «ድልድዩን ሰምቻለሁ ይላሉ። ሶፋውን ግን ከሁለተኛው ቤት ጀምሮ አውቀውታል። ሽማግሌው ሽቦው የሚከተላቸው ምን አድርገውት እንደሆነ መጠየቅ ፈልገው ነበር።»

መጀመሪያ የሳቁት አባ ናቸው። «እኔም ስለ ሩዝ የማውቀው ካለቀ ቆየ» አሉ።

እኛ ቤት ሁሉም መደቡ ላይ ተቀመጡ። ሶፋው ደጅ ፀሐይ ላይ ተሰጣ። ሽማግሌው እስከ ወገቤ ጭቃ እንደሆንሁ ከሶፋው ጋር ፎቶ አነሡኝ፤ ባለቤቲቱም ይህ ፎቶ እንግሊዝ አገር ሲታይ ላስቲኩ ይታይ እንደሆነ አስጠየቀች።

የእህቴ ቀን ከድልድዩ ቀደመ። ጥቅምት ውስጥ አንድ ረፋድ ላይ ምጡ መጣ፤ ውሃው ገና አልጎደለም። ወንዶቹ ቃሬዛ ይዘው መጡ። «አልሞትሁም፤ በቃሬዛ አልወጣም» አለች፤ ምጥ ላይ ሆና ማን ይከራከራታል? ያን ጊዜ ጎረቤታችን ወደ ቤቷ ሄዳ ሶፋውን አመጣች። ተቀምጣ እንዳያንሸራትታት ብላ፣ ስትሳሳለት የኖረችውን ላስቲክ በገዛ እጇ በቢላዋ ገፈፈችው። ሁለት የባሕር ዛፍ አጣና ከግራና ከቀኝ አሰሩበትና አራት ወንዶች ተሸከሟት። እህቴ እንደ ሙሽራ ከፍ ብላ ወንዙን ተሻገረች፤ መንገዱ ላይ ባጃጅ ይዘን ወረታ ጤና ጣቢያ ደረስን፣ ሴት ልጅም በሰላም ተገላገለች። እህቴ መጀመሪያ የተናገረችው ስለ ሽቦው ነው። ሽማግሌው እውነታቸውን ነበር አለች።

ፎቶው እንግሊዝ አገር ቤተ ክርስቲያናቸው ውስጥ ተሰቅሏል አሉ። ምክር ቤታቸው ፊት የቆሙ ቀንም ይዘውት ወጡ፤ ሳይታሰሩም በሰላም ተመለሱ። ምእመናኑ ለድልድዩ እሽ አሉ። እኛ ድንጋይና አሸዋ አቀረብን፣ የእነሱ እርዳታ ብረቱንና ባለሙያውን አመጣ፤ የሚቀጥለው ክረምት ሳይገባ አለቀ።

ሲመረቅ አባ ጠበል ረጭተው መጀመሪያ ተሻገሩበት። ከዚያ ሰዉ ሁሉ ወደ እኔ ዞሮ፣ ነገሩን የጀመርሽው አንች ነሽና አንድ ቃል ተናገሪ አለኝ። አፌን ከፈትሁ፤ ምንም አልወጣም። ዝምታው ሲረዝም እህቴ ሕፃኗን አቅፋ ከድልድዩ ማዶ ተናገረች።

«ሶፋውን አሸክሟትና ውሃው ውስጥ አቁሟት። ያን ጊዜ ትናገራለች።»