የእናቴ ዓሦችና የአክስቴ እንዶድ

ባሕር ዳር ከምሠራበት ቢሮ ማዶ ያለው ምግብ ቤት በሩ አጠገብ የመስተዋት የዓሣ ገንዳ አለው፤ በቀደም ዕለት ምሳዬን አዝዤ ስጠብቅ አስተናጋጁ ክዳኑን ከፍቶ መስተዋቱን መፈግፈግ ጀመረና ያ ሽታ ወጣ፣ ከወንዝ የወጣ እርጥብ ድንጋይ የሚሸተው ዓይነት፣ ሣርም ጭቃም ያለበት። ሌላው ሰው አፍንጫውን ያዘ። እኔ ግን ወንበሬን ወደ ገንዳው አስጠግቼ፣ እጀታዋን ሰብስባ ክንዷን እስከ ብብቷ ውኃ ውስጥ የከተተች እናቴን በዓይነ ኅሊናዬ እያየሁ፣ የመጣልኝ ሽሮ እስኪቀዘቅዝ ድረስ ፍኖተ ሰላም ደርሼ ተመለስሁ።

አባዬ ከፍኖተ ሰላም ባሕር ዳር የሚመላለስ የሚኒባስ ሹፌር ነበር፣ እማዬ ደግሞ የባዮሎጂ አስተማሪ። አንድ ሆቴል ዕቃውን ሲሸጥ አባዬ ገንዳውን አይቶ «ለሚስቴ» ብሎ ገዛና፣ የሦስት ተሳፋሪ ቦታ ለቆለት፣ በጋቢ ጠቅልሎ አመጣላት፤ ዓሦቹ ከወራት በኋላ ከአዲስ አበባ በሌላ ሹፌር እጅ፣ አየር በተሞላ ፕላስቲክ ከረጢት ታስረው መጡ። ዲስከስ ይባላሉ። የሻይ ሳህን የሚያህሉ፣ ክብና ጠፍጣፋ፣ ብርቱካንማ ገላቸው ላይ ሰማያዊ መስመር የሚተራመስባቸው፣ ሰው ሲቀርባቸው ከመሸሽ ይልቅ መጥተው ዓይን ዓይኑን የሚያዩት ዓሦች ናቸው። የላካቸው ሰውዬ ግን እማዬን በስልክ ሲያስጠነቅቃት «ሞቅ ያለና ለስላሳ ውኃ ካላገኙ ይሞታሉ፣ ማራባቱ ደግሞ እዚህ ለእኛም አልሆነልን፣ ጎጃም ላይ አታስቢው» ብሏት ነበር። እማዬ ስልኩን ዘግታ ፈገግ አለች፤ ያቺን ፈገግታ የሚያውቅ ተማሪ ሁሉ ፈተናው ከባድ እንደሚሆን ያውቅ ነበር።

ሰፈሩ ዓሦቹ መቼ እንደሚበሉ ይጠይቅ ነበር። የንስሐ አባታችን እንኳ ጠበል ሊረጩ በመጡ ቁጥር ገንዳው ፊት ቆመው፣ አድንቀው አድንቀው ሲያበቁ፣ «እንዲያው ይኸ ለመቼ ነው የታሰበው?» ይሉ ነበር፣ እማዬም «ለዓይን ነው አባ» ስትላቸው አንገታቸውን ነቅንቀው ጠበሉን ከገንዳው ራቅ አድርገው ይረጩ ነበር። እኔም ትምህርት ቤት ስለ ዓሦቻችን ሳላወራ የዋልሁበት ቀን ትዝ አይለኝም፤ ጉረኛ ነበርሁ፣ አሁንም ነኝ።

ክረምት የእማዬ ወቅት ነበር። የቆርቆሮው አቧራ ታጥቦ እስኪያልቅ ጠብቃ፣ ከጣሪያው በአሸንዳ የሚወርደውን ዝናብ በበርሜልና በጀሪካን ታጠራቅም ነበር፣ የቧንቧው ውኃ ለዓሦቹ የሚከብድና የማጣሪያ መድኃኒት ያለበት ሲሆን የዝናቡ ግን እነሱ የሚወዱት ለስላሳ ውኃ ነበርና። ከጓሯችን ዘይቱን ሥር የረገፈ ደረቅ ቅጠል ለቅማ ስትጨምርበት ውኃው ቀጠን ያለ ሻይ ይመስል ነበር። አሮጌውን ውኃ ደግሞ አባዬ ናፍጣ እንደሚቀዳ ሹፌር በፕላስቲክ ቱቦ በአፉ እየሳበ ያወጣው ነበር፣ አንዳንዴም ሳያስበው ይውጠዋል፤ ያን ጊዜ የሚናገረውን እዚህ አልጽፈውም።

ከመስቀል በኋላ ሰማዩ ሲጠራ ጣጣው ይጀምር ነበር። አባዬ ገንዳውን መንገደኛ ሁሉ እንዲያየው ብሎ መስኮቱ ሥር ነበር ያስቀመጠው፣ በባጃጅ የሚያልፍ ሰው አንገቱን አውጥቶ ሲያይ ደስታውን አይችለውም ነበር፤ ከሰዓት በኋላ ግን ፀሐይ ቀጥ ብላ ገብታ ስታርፍበት አልጌው ይነሣ ነበር፣ መጀመሪያ መስተዋቱ ላይ እንደ አረንጓዴ አቧራ፣ ቀጥሎ ድንጋዮቹ ላይ እንደ ጸጉር፣ በመጨረሻም ተክሎቹን አንቆ ይይዛቸው ነበር። ጎረቤቶቻችን «እንቦጩ ከጣና እናንተ ቤት ገባ እንዴ?» እያሉ ይቀልዱብን ነበር። እማዬ «መስኮቱ ይዘጋ» ስትል አባዬ «ታዲያ ማን ሊያያቸው ነው?» እያለ፣ ሁለት ሳምንት ያህል ተኮራርፈው፣ በመጨረሻ መጋረጃው ጠዋት ተከፍቶ ከስድስት ሰዓት በኋላ እንዲዘጋ ተስማሙ። እሷም ከላህ ወንዝ ዳር ቶሎ የሚያድግ የውኃ ተክል አምጥታ፣ «እነዚህ ምግቡን ከቀደሙበት አልጌው በረኃብ ያልቃል» እያለች ተከለች፤ መስተዋቱን በምላጭ፣ ድንጋዩን በአሮጌ የጥርስ ብሩሽ ትፍቅ ነበር፣ ሳሙና ግን ገንዳው አጠገብ ዝር እንዲል አትፈቅድም ነበር። አንድ ጊዜ በጣም ሲብስባት ገንዳውን ሦስት ቀን ሙሉ በጥቁር ፕላስቲክ ሸፈነችው፤ አባዬ ለጠየቀው ሁሉ «ዓሦቻችን ሐዘን ተቀምጠዋል» ሲል ሰነበተ። ፕላስቲኩ ሲገለጥ አልጌው ረግፎ፣ ተክሉ ቆሞ፣ ዓሦቹ ምግብ ፍለጋ ተሰልፈው አገኘናቸው። እሷም ነጭ ጋዋኗን ለብሳ ወደ ማስተማሯ ስትሄድ ከኋላዋ አይቻት፣ ከተማው ውስጥ እንደሷ ያለ አዋቂ የለም ብዬ ደመደምሁ።

ታኅሣሥ ገብቶ ብርዱ ሲጠና የኤሌክትሪክ ማሞቂያው ብቻውን ስለማይበቃ ገንዳው የእኔን ብርድ ልብስ ለብሶ ያድር ነበር፣ እኔ ከእማዬ ጋር እተኛለሁ። በዚያ ብርድ ነው ከስድስቱ ዓሦቻችን ሁለቱ ጥንድ ሆነው ውኃው ውስጥ የቆመች ትንሽ ገንቦ ላይ እንቁላል የጣሉት። እማዬ ጫጩቶቹ ሲፈለፈሉ የእናትና የአባታቸው ገላ ላይ የሚወጣውን ዝልግልግ ፈሳሽ እየላሱ እንደሚያድጉ ስትነግረን አባዬ «ዓሣ ሲያጠባ!» ብሎ ከሶፋው እስኪንሸራተት ሳቀ። እንቁላሎቹ ሁለት ጊዜ ነጥተው ተበላሹ፣ ሁለቱንም ጊዜ እማዬ ራቷን ሳትበላ ተኛች። በሦስተኛው፣ በሕማማት ሳምንት፣ የመርፌ ጫፍ የሚያካክሉ ጫጩቶች ተፈልፍለው የእናትና የአባታቸው ጎን ላይ ተለጠፉ። አባዬ ወንበር ስቦ ተቀምጦ ሲያይ ዋለ፣ አልሳቀም።

ያን ሰሞን እትዬ ዘርትሁን ቤታችን ነበሩ። የአባዬ ታላቅ እህት ናቸው፤ እናታቸው ስትሞት እሱን አዝለው ያሳደጉት እሳቸው ናቸው፣ ሳያማክራቸው የቡሬ ልጅ በማግባቱ ግን ተቀይመው ቤታችንን ሳይረግጡ ዓመታት ኖረዋል። ያን ዓመት አባዬ ሽማግሌ ይዞ እሳቸው እስከሚኖሩበት ከተማ፣ እስከ ፈረስ ቤት ድረስ ሄዶ፣ ለምኖ፣ ፋሲካን ከእኛ ጋር ሊውሉ መጡ። እማዬን በስሟ አይጠሯትም፣ «የቡሬዋ» ነበር የሚሏት። እማዬ በጾሙ ምክንያት ለዓሦቹ የምትመግበውን የበሬ ልብ መክተፍ ትታ የመሬት ትል ስትከትፍላቸው ባዩ ጊዜ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አደረጉ። ከትሉ ይልቅ ያሳፈራቸው ግን አልጌ የለበሰው ድንጋይ ነበር።

«የፋሲካ እንግዳ መጥቶ ይኸን ሻጋታ ሊያይ ነው?»

«ጫጩቶቹ እስኪጠነክሩ ነው እትዬ፣ አሁን ውኃው ባይነካ ይሻላል» አለች እማዬ፣ አንገቷን ደፍታ።

ቀዳም ስዑር ጠዋት እማዬ ቄጠማ ልትቀበል ቤተ ክርስቲያን ሄደች፣ አባዬ የበዓል ተሳፋሪ ይዞ መንገድ ላይ ነበር። እትዬ ግቢ ውስጥ የበዓሉን ጋቢና ነጠላ በእንዶድ ያጥቡ ነበር፣ አረፋው እስከ ክንዳቸው ደርሶ። ልብሱ በረዶ መሰለ። ድንገት ቀና ብለው «በይ እነዚያን ድንጋዮች አምጭልኝ፣ እናትሽ ስትመጣ ደስ ይበላት» አሉኝ። አመጣሁላቸው። አንድ በአንድ ያወጣሁት እኔ ነኝ፣ ይህን ለሰው ተናግሬ አላውቅም። ሳሙና መከልከሉን አውቅ ነበር፤ እንዶድ ግን የቁጥቋጦ ፍሬ ነው እንጂ ሳሙና አይደለም ብዬ ራሴን አሳመንሁ። እትዬ እያንዳንዱን ድንጋይ በአረፋው ፈትገው፣ ለቅለቅ አድርገው ሰጡኝ፣ እኔም መልሼ ደረደርኋቸው፣ ሁለታችንም ቆመን ንጣታቸውን አደነቅን።

ብዙም አልቆየ፣ ዓሦቹ ጠቆሩ። አፋቸውን ከውኃው በላይ እያወጡ ያዛጉ ጀመር፣ ቀጥሎም አንደኛዋ በጎኗ ተጋደመች። እማዬ ቄጠማውን ግንባሯ ላይ እንዳሰረች ስትገባ ነጩን ድንጋይ አየች፣ የእትዬን ክንድ አየች፣ ሁሉም ገባት። እኔ ማልቀስ ጀመርሁ። እትዬ «ገደልኋቸው» አሉና እዚያው ወለሉ ላይ ተቀመጡ። ከዚያ ገንዳውን ትኩር ብለው አይተው ብድግ አሉ።

«ቆይ እስቲ። ይኸ እኮ ብርብራ የቀመሰ ዓሣ ነው የመሰለው። ወንድሞቼ ዓሣ ሊይዙ ወንዝ ውስጥ የብርብራ ፍሬ ሲበትኑ እንዲህ ነበር የሚሆን። ሰክሮ ነው እንጂ አልሞተም፤ ንጹሕ ውኃ የደረሰው ነቅቶ ያመልጣቸው ነበር። የሚሮጥ ውኃ ነው የሚያሻው፣ የቡሬዋ፣ ቶሎ በይ!»

በጋው ሊያልቅ ደርሶ ከዝናቡ ውኃ የቀሩት ሦስት ጀሪካኖች ብቻ ነበሩ። እማዬ አንዱን በማንቆርቆሪያ እያሞቀች፣ በእጇ አንጓ እየለካች፣ ሰፊ ሳፋ ሞላች፤ ዓሦቹን ከነጫጩቶቻቸው በጣሳ ቀድተን አዛወርን። እትዬ እጀታቸውን ሰብስበው አባትየውን ዓሣ በሁለት መዳፋቸው መካከል አቁመው፣ ፊቱን እኔ በኩባያ ወደማፈስሰው ውኃ አዙረው፣ ከወንዝ እንደቆመ አድርገው ያዙት። ጥቂት ቆይተው ቀና ሳይሉ «ወንድሜ ሳይመጣ ልሂድ፣ በምን ዓይኔ ነው የማየው?» አሉ። ውኃው እስኪሞቅ ዕቃቸውን በፌስታል አስረው በሩ ሥር አስቀምጠውት ነበር። እሳቸው ያን ዕለት ከሄዱ ተመልሰው እንደማይመጡ እኔ እንኳ አውቄው ነበር።

«አንቱ ከሄዱ ዓሣውን ማን ይይዘዋል?» አለች እማዬ። ፌስታሉን አንሥታ ፈታችና ልብሳቸውን ቁም ሳጥን ውስጥ ሰቀለችው።

እናቲቱ ሞተች፣ ከጫጩቶቹም ግማሽ ያህሉ። ሌሎቹ አራት ዓሦች እየተንገዳገዱ ነቁ። አባትየው አሥር ሰዓት ገደማ ከእትዬ መዳፍ ተስፈንጥሮ ወጣ፣ ጥቁረቱ ቀስ በቀስ ለቀቀው፣ የተረፉት ጫጩቶች ተከታትለው ጎኑ ላይ ተለጠፉ። እትዬ እጃቸው ተጨማዶ፣ አፋቸውን ከፍተው ያዩ ነበር። «እውነትም ያጠባል» አሉ በሹክሹክታ።

አባዬ አመሻሹ ላይ ደርሶ የሞተችውን አይቶ ድምፁን ከፍ አድርጎ «ምን አገኛቸው?» ሲል እትዬ ዓይናቸውን መሬት ላይ ተከሉ።

«መብራት ጠፍቶ ማሞቂያው ቆመብን» አለች እማዬ፣ ድንጋዮቹን እያጠበች። «እትዬ ባይኖሩ አንድም አይተርፍም ነበር።»

እኛ ከተማ መብራት ጠፋ ሲባል ማንም ምስክር አይጠይቅም። እትዬ ማግሥቱን በፋሲካው ገበታ የመጀመሪያውን ጉርሻ ለእማዬ አጎረሱ፣ ሰኞ ይሄዳሉ የተባሉት እስከ ዳግማይ ትንሣኤ ሰነበቱ። እስከ ዕለተ ሞታቸውም የቡሬዋ እንዳሏት ነው፤ ከዚያ ወዲያ ግን የእኔ የሚሉትን ሰው እንደሚጠሩ ነበር የሚጠሯት። ከጫጩቶቹ አርባ ሁለቱ አደጉ፣ አባዬ ለተሳፋሪው ሁሉ እያወራ፣ እማዬ ለአዲስ አበባው ሰውዬ ደውላ ስድስት ጥንድ «ለዘር ይሁንህ» ብላ ላከችለት። በሕይወቴ እንደዚያ ቀን ኮርቼ አላውቅም።

አሁን እኔም ዲስከስ አሉኝ። መብራታቸው በሰዓቱ ራሱ በርቶ ራሱ ይጠፋል፣ ውኃው በማሽን ይጣራል፣ አልጌ ከስንት አንዴ ነው የማየው። ገንዳዬ ከእናቴ ገንዳ ይጠራል፤ አፌ ግን እንደሷ አይችልም፣ የሥራ ባልደረባዬ ጠዋት የሠራትን ስሕተት ከምሳ በፊት ሦስት ሰው ነግሬ እገኛለሁ። አምና እትዬ ዘርትሁን አርፈው ለአርባቸው ፈረስ ቤት ስንሰበሰብ አባዬ ያንን ታሪክ ለለቀስተኛው አወራና «መብራት ጠፍቶ እኮ ነው፣ አይደለም እንዴ?» ብሎ ወደ እማዬ ዞረ። እትዬ ከሞቱ አርባ ቀናቸው ነበር፣ ከእንግዲህ የሚያሳፍራቸው ነገር የለም። እማዬ ግን «አዎ፣ መብራት ጠፍቶ ነው» አለች።

ይህን ልጽፍ ስነሣ ደውዬ አስፈቀድኋት።

«ጻፊው» አለችኝ። «አባትሽም እንግዲህ ያንብበው፣ አሁን ቢቆጣ እትዬ አይሰሙት። ግን እንዶዱን ብቻ ጽፈሽ እንዳትተይው። ቀኑን ሙሉ ጎንበስ ብለው ያንን ዓሣ በእጃቸው የያዙት እሳቸው ናቸው። እኔ ውኃ ከማሞቅ ሌላ ምን ሠራሁ?»